መጽሐፍን ማገድ ወይስ አንባቢን ማስተማር?

የሚነበቡ ምዕራፎች፦ ኤር. 36፤ 1ኛ መቃ. 1፥54-64፤ የሐዋ. ሥራ 19፥18-20፤ 1ኛ ተሰ. 5፥19-22



በከላላም ሆነ በመካነ ሰላም፣ በጠቅላላው በምዕራባዊው የደቡብ ወሎ ደጋ፣ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሲባል ብዙውን ጊዜ አንዲት ክፍልና ጥቂት መደርደሪያዎች ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ አንድ መጽሐፍ ሲወጣ የሚተካው ሌላ አይገኝም። ስለዚህ «ይህ ይታገድ፣ ያ ከልጆች እጅ ይውጣ» የሚል ድምፅ በሚነሣበት ጊዜ ነገሩን በጥሞና መመርመር ይገባናል። በዛሬው ትምህርታችን መጻሕፍትን ለማገድ የሚደረግ ዘመቻ ምን እንደሚያስከትል፣ ክርስቲያን ወላጅና መምህርም ምን ማድረግ እንደሚገባቸው እንመለከታለን።

1. የንጉሡ ምድጃ

ነቢዩ ኤርምያስ የእግዚአብሔርን ቃል ሲናገር ባሮክ በክርታስ ጻፈው። ክርታሱ በንጉሡ በኢዮአቄም ፊት በተነበበ ጊዜ ንጉሡ ሦስት ወይም አራት ዐምድ በተነበበ ቁጥር በካራ እየቀደደ በፊቱ ወደሚነደው እሳት ጣለው። ከሹማምንቱ ሦስቱ እንዳያቃጥል ለመኑት፤ እርሱ ግን አልሰማቸውም። ሆኖም ታሪኩ በእሳቱ አልተፈጸመም። ኤርምያስ ሌላ ክርታስ አስመጥቶ ያንኑ ቃል እንደ ገና አስጻፈ፤ ብዙ ቃልም ተጨመረበት።

በመቃብያን ዘመንም የአንጥዮኮስ ሰዎች የሕጉን መጻሕፍት እየቀደዱ ያቃጥሉ፣ መጽሐፉ በእጁ የተገኘበትንም ሰው ይገድሉ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ303 ዓመት የሮማው ቄሣር ዲዮቅልጥያኖስ ቅዱሳት መጻሕፍት እንዲቃጠሉ አዘዘ። እንግዲህ እኛ ራሳችን መጽሐፋቸው ሲቃጠል ያዩ ሰዎች ልጆች ነን።

አንዳንዶች «በኤፌሶንስ አማኞች መጻሕፍትን አላቃጠሉምን?» ብለው ይጠይቃሉ። እውነት ነው፤ ዋጋው አምሳ ሺህ ብር የሚያወጣ የጥንቆላ መጽሐፍ ተቃጥሏል። ነገር ግን ያቃጠሉት የገዛ ራሳቸውን ነው፤ ያቃጠሉትም ልባቸው ስለ ተለወጠ ነው። የጎረቤታቸውን ቤት ሰብረው አልገቡም፤ ሹም ልከውም አላስወሰዱም። የራስን ነገር በንስሐ መተውና የሌላውን በኃይል መንጠቅ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው።

2. በአገራችን የሆነው

በአገራችን ታሪክ ይህ ነገር በሁሉም ወገን ደርሷል። አጼ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክ እምነትን በይፋ ከተቀበሉ በኋላ እምነቱን በመንግሥት ሥልጣን በሕዝቡ ላይ ለመጫን በመሞከሩ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632ም ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ታወጀ። በልጃቸው በአጼ ፋሲል ዘመን ሚሲዮናውያኑ ተባረሩ፤ በ1665ም «የፍራንኮች መጻሕፍት» እንዲቃጠሉ ታዘዘ። ይህን የምናነሣው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። በሥልጣን የተጫነ እምነት በሥልጣን እንደሚነቀል፣ በዚያ መካከልም መጻሕፍት እንደሚጠፉ ልንማርበት ነው።

በቅርቡ ዘመን የሆነውን ደግሞ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ደራሲ በዓሉ ግርማ በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ መነሻ አድርጎ «ኦሮማይ» የተባለውን ልብ ወለድ ጻፈ። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ለገበያ እንደ ቀረበ ሽያጩ ተከለከለ፤ ደራሲው በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከነበረው ከፍተኛ ኃላፊነት ተነሣ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ቤተሰቡ እስከ ዛሬ መቃብሩን አያውቅም።

መጽሐፉስ ምን ሆነ? ሰዎች በስውር እየተዋዋሱ አነበቡት። ከሥርዓቱ ለውጥ በኋላ እንደ ገና ታተመ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በውጭ አገር ወጣ። የአገደው መንግሥት አልፎ መጽሐፉ ቀረ። ነገር ግን የሰውየው ሕይወት አልተመለሰም፤ በእነዚያ ዓመታት ያልተጻፉት መጻሕፍት ስንት እንደ ሆኑም የሚቆጥር የለም። የእገዳ ትልቁ ጉዳት ይህ ነው፤ አንዱ መጽሐፍ ሲታሰር የሌላው ጸሐፊ ብዕር ሳይታዘዝ ይቆማል።

በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ሳንሱርን አስቀረ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ከለከለ። ያው አንቀጽ የወጣቶችን ደኅንነት ለመጠበቅ በሕግ ገደብ ሊደረግ እንደሚችልም ይናገራል። ስለዚህ ጥያቄው ልጆችን መጠበቅ ይገባል ወይስ አይገባም የሚል አይደለም፤ እንዴትና በማን ይጠበቁ የሚል ነው።

3. የገዛ ቤታችንን ስንመረምር

ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት ወደ ራሳችን እንመልከት። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1559 የተከለከሉ መጻሕፍትን ዝርዝር አወጡ። ዓላማው ነፍሳትን ከስሕተት መጠበቅ ነበር። ይሁን እንጂ በ1633 ጋሊሌዎ ስለ ምድርና ስለ ፀሐይ የጻፈው መጽሐፍ ተከለከለ፤ ከዝርዝሩ የወጣውም በ1835 ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1992 በጋሊሌዎ ላይ የተፈጸመው ስሕተት እንደ ነበረ በግልጽ ተናገሩ።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ፣ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ዘመን፣ በ1966 ዝርዝሩ የሕግ ኃይል እንደማይኖረው አስታወቀች። ይህን ስታደርግ ማንኛውም ጽሑፍ ለነፍስ ይጠቅማል ማለቷ አልነበረም። ምእመናን እምነታቸውንና መልካም ጠባያቸውን ከሚጎዳ ጽሑፍ በኅሊናቸው እንዲጠበቁ አሳሰበች። ሸክሙ ከዝርዝሩ ወደ ሠለጠነ ኅሊና ተዛወረ። እንዲህ ከሆነ ኅሊናን የሚያሠለጥነው ማን ነው? ወላጅ፣ ካህንና እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ናችሁ።

4. የዛሬው ዘመቻ ምን ያስተምረናል?

ዘመዶቻችንና ልጆቻቸው በብዛት በሚኖሩበት በአሜሪካ በአሁኑ ጊዜ መጻሕፍትን ከትምህርት ቤትና ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለማስወጣት ብርቱ ዘመቻ ይካሄዳል። ፔን አሜሪካ የተባለው የደራስያን ማኅበር በ2023-24 የትምህርት ዘመን ብቻ በሕዝብ ትምህርት ቤቶች ከ10,000 በላይ እገዳዎች መዝግቧል፤ አንድ መጽሐፍ በብዙ ስፍራ ሲታገድ በየስፍራው ይቆጠራል። የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር እንደ ገለጸው፣ በ2024 ከቀረቡት የይታገድ ጥያቄዎች 72 በመቶው ከተደራጁ ቡድኖችና ከመንግሥት ሰዎች የመጡ ናቸው፤ ከወላጆች የመጡት 16 በመቶ ብቻ ናቸው። ዘመቻው በወላጅ ስም ይጠራ እንጂ የሚመራው ሌላ ነው ማለት ነው።

በዩታ ግዛት የሆነው በተለይ ለእኛ ትምህርት ይሆናል። በ2022 ለልጆች የማይገቡ ጽሑፎችን ከትምህርት ቤት የሚያስወጣ ሕግ ወጣ። አንድ ሰው በዚያው ሕግ ተመርኩዞ «እንዲህ ከሆነ መጽሐፍ ቅዱስም ይመርመርልኝ» ሲል አመለከተ። በ2023 በዴቪስ የሚገኘው የትምህርት አስተዳደር መጽሐፍ ቅዱስን ከአንደኛና ከመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መደርደሪያ አስወጣ፤ ብዙ ተቃውሞ ከተሰማ በኋላም በዚያው ዓመት በሰኔ ወር መለሰው። ለሌላው የተሳለው ካራ የሳለውን ቆረጠ።

እኛ ካቶሊካውያን በዚህ አገር ቁጥራችን ጥቂት ነው። በከላላ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በሠርግም በለቅሶም አብሮ ይቀመጣል፤ ልጆቻቸውም ከአንድ መደርደሪያ ይዋሳሉ። ዛሬ የጎረቤታችን መጽሐፍ በብዙኃን ድምፅ ወይም በባለ ሥልጣን ትእዛዝ ቢወጣና ዝም ብንል፣ ነገ የእኛ ሲወጣ በምን አፍ እንናገራለን?

5. የተሻለው መንገድ

ከዚሁ ከወሎ ምድር የተነሡት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ «መጽሐፈ ምስጢር»ን ሲጽፉ ስሕተት ነው ያሉትን ትምህርት በየተራ እያነሡ ለእያንዳንዱ መልስ ሰጥተዋል። መልስ ለመስጠት ግን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። መጽሐፍን በመጽሐፍ መመለስ ለአገራችን እንግዳ ልማድ አይደለም።

ይህ የወላጅን መብት አያፈርስም። የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ወላጆች የልጆቻቸው የመጀመሪያ አስተማሪዎች መሆናቸውን አስተምሯል። አባት ወይም እናት «ልጄ ይህን ገና አያንብብ» ቢሉ መብታቸው፣ እንዲያውም ግዴታቸው ነው። የሰባት ዓመት ልጅና የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት አንድ ዓይነት መጽሐፍ አይሰጣቸውም። ነገር ግን «ልጄ አያንብብ» ማለትና «የማንም ልጅ አያንብብ» ማለት አንድ አይደለም።

ስለዚህ አንድ መጽሐፍ ቅሬታ ሲያስነሣ እንዲህ እናድርግ፦

ሀ) ከሰው አፍ የሰማነውን ወይም ተቆርጦ የቀረበልንን አንድ ገጽ ሳይሆን መጽሐፉን በሙሉ እናንብብ።

ለ) ለየትኛው ዕድሜ እንደሚስማማ ከመምህሩና ከቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው ጋር በግልጽ እንመካከር። በጨለማ የሚወጣ መጽሐፍ ሐሜትን ይተክላል።

ሐ) ስሕተት ካገኘንበት፣ የሚያርመውን ሌላ መጽሐፍ ከጎኑ እናስቀምጥ።

መ) ከሁሉ በላይ ከልጆቻችን ጋር አብረን እናንብብ። በቤቱ ስለ ጥያቄው የሚያነጋግረው ያገኘ ልጅ ክፉ ገጽ ቢያጋጥመው ወደ ወላጁ ይመለሳል፤ የተከለከለ ብቻ ግን በስውር ይፈልጋል።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ክርስቲያኖች የሰጠው ምክር ሁሉን መመርመርን፣ መልካሙን መያዝን፣ ከክፉው መራቅን አንድ ላይ ያዘዘ ነው። መመርመር የሚቻለው ግን የሚመረመረው ነገር በእጅ ሲኖር ነው። ባሮክ ክርታሱ ከተቃጠለ በኋላ ብዕሩን እንዳነሣ፣ እኛም በልጆቻችን ልብ ውስጥ እሳት የማያገኘውን ቃል ለመጻፍ እግዚአብሔር ይርዳን።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በኤፌሶን የተቃጠሉት መጻሕፍትና በኢዮአቄም የተቃጠለው ክርታስ በምን ይለያያሉ?

2. በ1966 የተከለከሉ መጻሕፍት ዝርዝር የሕግ ኃይሉ ሲቀር በምእመናን ላይ የወደቀው ኃላፊነት ምንድን ነው?

3. ከእኛ እምነት የተለየ ጎረቤታችን መጽሐፉ እንዲታገድ ቢጠየቅበት፣ የቁምስናችን ምእመናን ምን ሊያደርጉ ይገባል?

4. ባለፈው ወር ከልጃችሁ ጋር ያነበባችሁት መጽሐፍ አለን? ከሌለ በየትኛው ትጀምራላችሁ?