መንግሥት ገንዘብ ሲያድል፤ ሰው የሚቆጠረው በየትኛው መዝገብ ነው?

በጥናት ክበባችን የኤኮኖሚ ነገር በተነሣ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም። «ኑሮ ሲከፋ መንግሥት ለእያንዳንዱ ሰው ገንዘብ ለምን አያድልም?» የሚል ነው። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ሲቀልድ ነው፤ ሰሚዎቹም ይሥቃሉ። ነገር ግን ጉዳዩ ቀልድ ሆኖ አልቀረም። የአሜሪካ መንግሥት በ2008፣ ከዚያም በ2020 እና በ2021 ይህንኑ አድርጎታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ሆንን ቀመሩን ለባለሙያዎቹ ትተን፣ ገንዘቡ ከግምጃ ቤት ወጥቶ እስከ ሰው እጅ ድረስ የሄደበትን መንገድ እንከተላለን። ትልቁ ነገር ያለው ከመንገዱ ላይ መስሎ ታይቶናልና።

አስቀድመን ሐሳቡን እንረዳ። አንድ ሰው የሚያወጣው ገንዘብ የሌላው ሰው ገቢ ነው። የልብስ ሰፊው ደንበኛ ነገን ፈርቶ ልብስ ማሰፋቱን ቢተው፣ ልብስ ሰፊው በበኩሉ ጫማ መግዛቱን ይተዋል፤ ጫማ ሻጩም ሻይ ቤት መግባቱን ያቆማል። ማንም ሳይሰንፍ፣ ዝናምም ሳይጠፋ፣ ሁሉም በአንድነት ሥራ ይፈታል። እንግሊዛዊው ጆን ሜናርድ ኬንስ በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ ከተናገራቸው ዋና ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ሰዎች መግዛት ሲፈሩ መንግሥት ገንዘብ አውጥቶ የተበጠሰውን ሰንሰለት መቀጠል ይኖርበታል። እንግዲህ እንዲህ ያለው ክፍያ ምጽዋት አይደለም፤ በራብ ጊዜ እንደሚታደል እህልም አይደለም። እህሉ የሚታደለው ተቀባዩ እንዲበላው ሲሆን፣ ይህ ገንዘብ ግን ተቀባዩ አውጥቶት በእርሱ በኩል ለሌላው እንዲደርስ የታሰበ ነው።

አሜሪካዊው ሚልተን ፍሪድማን በበኩሉ በ1957 ባወጣው ጥናት፣ ሰው ወጪውን የሚወስነው ዛሬ እጁ በገባው ገንዘብ ሳይሆን ይዘልቃል ብሎ በሚተማመንበት ገቢው ነው አለ። አንድ ጊዜ መጥቶ የማይደገም ገንዘብ ያገኘ ሰው አብዛኛውን ያስቀምጠዋል ማለት ነው። ይህ እውነት ከሆነ ገንዘቡን ማደል ከንቱ ድካም ነው። ሁለቱም ወገኖች የሚያሳምን ክርክር ነበራቸው፤ የጐደለው ፈተና ነበር።

ፈተናው ከቢሮ ሠራተኛ እጅ መጣ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአሜሪካ የቤት ብድር ቀውስ በተነሣ ጊዜ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በፌብሩዋሪ 2008 አንድ ሕግ ፈረሙ። ለአንድ ሰው እስከ 600፣ ለባልና ሚስት እስከ 1,200፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 300 ዶላር እንዲሰጥ ተወሰነ። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ይህን ሁሉ ክፍያ በአንድ ቀን ማውጣት ስላልቻለ ሕዝቡን በተራ መደበ፤ ተራውንም በማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር የመጨረሻ ሁለት አኃዞች ወሰነው። እነዚህ አኃዞች ከባለቤታቸው ሀብት፣ ዕድሜና ትምህርት ጋር ምንም ዝምድና የላቸውም፤ ዕጣ እንደ ማውጣት ነው። ቁጥሩ በ07 የሚያልቀው ሰው ቀድሞ ሲቀበል፣ ጎረቤቱ በ93 ስለሚያልቅ ብቻ ሳምንታት ቆየ። ስለዚህ ቀድመው የተቀበሉትን ገና ከሚጠብቁት ጋር ማስተያየት ተቻለ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከገንዘቡ በቀር ከሌላ ሊመጣ አይችልምና። ጆናታን ፓርከርና ባልደረቦቹ በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ቤተሰቦች ገንዘቡ በደረሳቸው በሦስት ወር ውስጥ ከ12 እስከ 30 በመቶ የሚሆነውን ምግብን ለመሰለ ቶሎ ለሚያልቅ ነገርና ለአገልግሎት አውጥተዋል፤ መኪናን የመሰለ ዘላቂ ዕቃ ሲጨመርበት ከ50 እስከ 90 በመቶ ይደርሳል አሉ። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ይህ ቁጥር በዝቷል ብለው ዝቅ አድርገውታል። ቢሆንም ሰው የማይደገመውን ገንዘብ ሁሉ ያስቀምጠዋል የሚለው ሐሳብ በዚያ መልኩ መቆም አልቻለም።

በ2020 የመጣው ቀውስ ግን ሌላ ነበር። የኮሮና በሽታ ሱቁንና ምግብ ቤቱን ስለ ዘጋው፣ ገንዘብ ያለውም ሰው የሚያወጣበት ቦታ አጣ። በኤፕሪል ወር ሥራ አጥ የሆነው የአሜሪካ ሠራተኛ ከ14 በመቶ በላይ ነበር። በማርች 27 በተፈረመው ሕግ ለአዋቂ ሰው 1,200፣ ለልጅ 500 ዶላር ተወሰነ፤ በዓመት ከ75,000 ዶላር በላይ ለሚያገኝ ሰው ክፍያው እየቀነሰ ይሄዳል። በዲሴምበር 600፣ በማርች 2021 ደግሞ 1,400 ተጨመረ። ሦስቱ ዙሮች በአንድነት ከ800 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኑ።

አሁን መንገዱን እንከተል። ሕጉ ከተፈረመ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ የመጀመሪያው ገንዘብ በሰዎች የባንክ ሂሳብ ገባ። ይህ የሚያስደንቅ ፍጥነት ነው። እንዴት ተቻለ ቢባል፣ ግብር ሰብሳቢው የሰዎቹን ስም፣ የቤተሰባቸውን ብዛትና የባንክ ቁጥራቸውን ባለፉት ዓመታት ካቀረቡት የግብር መግለጫ አስቀድሞ ያውቅ ስለ ነበረ ነው። የባንክ ቁጥሩ በመዝገቡ ያልነበረው ሰው የወረቀት ቼክ እስኪመጣለት ጠበቀ። (በእነዚህ ቼኮች ላይ የፕሬዚዳንት ትራምፕ ስም ታትሞ ነበር፤ የምርጫ ዘመን ነበርና አንባቢ እንደ ወደደ ይተርጉመው።) ገቢው እጅግ አነስተኛ በመሆኑ የግብር መግለጫ የማያቀርበው ድኻ ግን «እኔም አለሁ» ብሎ ራሱ መመዝገብ ነበረበት። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ገንዘቡ ሳይጠይቅ በቶሎ የደረሰው ደመወዝና ባንክ ያለው ሲሆን፣ ፎርም እንዲሞላ የተጠየቀው ከሁሉ ይልቅ የቸገረው ነው። በሜይ ወር ደግሞ ወደ 4 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች ገንዘቡ በካርድ ተላከ፤ ፖስታው የመንግሥት ምልክት የሌለበት ተራ ፖስታ ስለ ነበር የማስታወቂያ ወረቀት መስሏቸው የጣሉት አሉ። በሌላ በኩል የመንግሥቱ ሂሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በጁን 2020 እንዳስታወቀው፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ክፍያ ለሞቱ ሰዎች ተልኳል፤ መጠኑም 1.4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነው። ሙታኑ በመዝገቡ ነበሩ።

እኛን ከሁሉ ያሳሰበን ግን የተማሪው ነገር ነው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዙር «ልጅ» ማለት ዕድሜው 17 ዓመት ያልሞላ ነው። በሌላ በኩል በአሜሪካ የግብር ሕግ መሠረት ዕድሜው ከ24 በታች የሆነ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ኑሮውን በራሱ የማይችል ከሆነ ወላጆቹ በእነርሱ ሥር ያለ አድርገው ሊያስመዘግቡት ይችላሉ። ሁለቱ አንቀጾች ሲጋጠሙ የሆነው ይህ ነው፤ የ20 ዓመቱ ተማሪ ልጅ ስላልሆነ ወላጆቹ ስለ እርሱ 500 ዶላር አያገኙም፤ በወላጆቹ ሥር ስለ ተመዘገበም ለራሱ 1,200 ዶላር አያገኝም። ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ፣ ከማደሪያው ወጥቶ፣ በካፊቴሪያ ወይም በቤተ መጻሕፍት ይሠራት የነበረችውን ትንሽ ሥራ አጥቶ ሳለ፣ በሕጉ ዘንድ የሌለ ሰው ሆነ። ይህን ያደረገ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የልጁ ዕድሜ ወሰን ለሌላ ጉዳይ ከተጻፈ የግብር ሕግ የተወሰደ ነው። ስሕተቱ የታረመው በሦስተኛው ዙር፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜም 1,400 ዶላሩ የገባው ተማሪው ዘንድ ሳይሆን ወላጁ ዘንድ ነው፤ ከወላጁ ጋር ተጣልቶ ቤት የወጣውስ?

ቤተሰብን በሌላ መንገድ የነካም አንቀጽ ነበረ። ባልና ሚስት ግብራቸውን በአንድነት ሲያሳውቁ ከሁለቱ አንዱ የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር ከሌለው፣ በመጀመሪያው ሕግ ቁጥር ያለውም፣ ልጆቻቸውም አብረው ይከለከሉ ነበር። የዲሴምበሩ ሕግ ቁጥር ላለው ወገን ወደ ኋላ ተመልሶ ፈቀደ። ወረቀቱ ያላለቀለት ዘመድ ያለው ስደተኛ ቤተሰብ ሁሉ፣ የእኛ ወገን ጭምር፣ ይህ አንቀጽ የሚመለከተው ነበረ። ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ነገር እናንሣ። ቼኩ ደርሶት ከፊሉን ወደ አገሩ ለእናቱ የላከ ሰው ቢኖር፣ በኬንስ ሰንሰለት አስተሳሰብ ገንዘቡ ከአሜሪካ ገበያ አምልጧል። በእናቲቱ መንደር ያለው ባለሱቅ ግን እንዲህ አይልም።

ገንዘቡ ምን ላይ ዋለ? በ2020 ቤተሰቦችን የጠየቀ አንድ ትልቅ ጥናት፣ በአማካይ ከመቶው 40 ያህል ወጪ ሆኗል፣ 30 ያህል ተቀምጧል፣ 30 ያህል ለዕዳ ተከፍሏል ይላል። ይህን አይተው ገንዘቡ ባክኗል የሚሉ አሉ። እኛ አንስማማም። ሱቅ በተዘጋበት ወራት ዕዳውን የከፈለ ሰው፣ ሱቁ ሲከፈት ነፃ ሆኖ ይገባል። ይልቁንስ ከባዱ ወቀሳ የዋጋው ነው። በጁን 2022 የአሜሪካ ዋጋ ካለፈው ዓመት 9.1 በመቶ ጨምሮ ነበር። የጭነት መጓተት፣ የዩክሬን ጦርነት ያስወደደው ነዳጅና የታደለው ገንዘብ ሁሉም ድርሻ አላቸው፤ ሊቃውንቱ የሚጣሉት በድርሻው መጠን ላይ ነው። ሦስተኛው ዙር ሥራ አጥነት ወደ 6 በመቶ ከወረደ በኋላ የመጣ ስለ ሆነ፣ ያ ዙር በዝቷል የሚሉት ወገኖች ክርክራቸው የሚናቅ አይመስለንም።

ይህን ስናነብ ወደ አገራችን ሳንመለከት መቅረት አልቻልንም። በኢትዮጵያ የገቢ መግለጫ በስሙ የሚያቀርበው ከሕዝቡ ጥቂቱ ስለ ሆነ፣ በግብር መዝገብ ቢታደል ገበሬውም፣ ሊስትሮውም፣ ጉሊት ተቀምጣ የምትሸጠውም ይቀራሉ። በ2005 በገጠር የተጀመረውና በኋላ ወደ ከተማም የገባው ሴፍቲኔት የሄደው በሌላ መንገድ ነው፤ ተረጂውን የሚመርጠው ከነዋሪው የተውጣጣ ኮሚቴ ከአስተዳደሩ ጋር ሆኖ ነው። መዝገቡ የጎረቤት ዕውቀት ነው ማለት ነው። ማንም ባንክ የማያውቃትን መበለት ጎረቤቷ ያውቃታል፤ የሞተውንም ቀብሮታልና ስሙን አይጠራም። ግን ደግሞ ጎረቤት ዘመድ አለው፣ ቂምም አለው፤ ትናንት መጥቶ ቤት የተከራየውን ሰው አያውቀውም፤ የተፈቀደው ኮታ ከችግረኛው ቁጥር ሲያንስም ማን እንደሚቀር የሚወስነው እርሱ ነው።

ይህ ሲነገር በክበባችን ክርክር ተነሣ። በቤተሰብ ቍጥር ቢታደል የማደሪያው ተማሪ በየትኛው ቤት ይቆጠራል? ከገጠር የመጣ ወንድማችን «በአባቴ ቤት ነው፤ ክረምት ሲሆን የማርሰው የአባቴን መሬት ነው» አለ። አንዲት እኅታችን ደግሞ እናቷ በሰው ቤት ተቀጥራ እዚያው ስለምታድር፣ እርሷም እናቷም የሚቆጠሩበት ቤት እንደሌለ ተናገረች። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን ዝም አልን። አንዱ በማደሪያው ይቆጠሩ ሲል፣ ሌላው ማደሪያው በዕረፍት ጊዜ ይዘጋል አለ። ሰዓቱ ስላለቀ ነገሩ ለሚቀጥለው ሐሙስ አደረ፤ እስከዚያው እያንዳንዳችን ወደ ቤታችን ደውለን፣ ስማችን በወላጆቻችን ቀበሌ የቤተሰብ ቅጽ ላይ እስከ ዛሬ ይገኝ እንደ ሆነ ጠይቀን እንድንመጣ ተስማምተናል።