ስፓኒሽ ለሕንፃ ውስጥ፦ ከመድረሳ ይዘነው የመጣነው

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ስፔን ሄዳችሁ ለመማር የምታመለክቱ ካላችሁ ቋንቋውን ከዜሮ የምትጀምሩ እንዳይመስላችሁ። ስፔኖች "ኾታ" የሚሏት ፊደል ድምፅ የኛዋ "ኻእ" ናት ማለት ይቻላል። በአብዛኛው ስፔን "ሤታ"ን ደግሞ ልክ እንደ ዐረብኛዋ "ሣእ" ምላስን በጥርስ መሃል አውጥተው ያነቧታል። "ኝ"ን አማርኛ ሰጥቶናል።

በሩ ላይ "ኤምፑኻር" ካለ ግፉ፣ "ቲራር" ካለ ሳቡ። "ኤንትራዳ" መግቢያ፣ "ሳሊዳ" መውጫ፣ "ኤስካሌራ" ደረጃ፣ "አስሤንሶር" ሊፍት ነው። ለዉዱእ ውኃ ስትፈልጉ "አሴኦስ" የሚለውን ምልክት ተከተሉ። ካጣችሁት "ዶንዴ ኤስታን ሎስ አሴኦስ?" ብላችሁ ጠይቁ።

የፎቅ አቆጣጠራቸው እንደኛው ነው፦ ምድሩ "ፕላንታ ባኻ"፣ ከላዩ ያለው "ፕሪሜራ ፕላንታ"። ዕድላችሁ ኮሎምቢያ ወይም ፔሩ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፤ እዚያ "ፕሪመር ፒሶ" የሚባለው ራሱ ምድሩ ነው። የቪዛ ቀጠሮ ያለው ሰው በተሳሳተ ፎቅ ወረፋ ይዞ ቀኑን ሊያቃጥል ይችላል።

አሁን ወደምወደው ክፍል። በአንዳሉስ የሙስሊሞች አገዛዝ ከ711 እስከ 1492 (እ.ኤ.አ.) ቆይቷል፤ የግንበኞቹ ቃላት ግን ዛሬም በስፔን ሕንፃዎች ውስጥ አሉ። ግንበኛው ራሱ "አልባኚል" ይባላል። "አልኮባ" መኝታ ቤት ነው፣ ከ"አልቁባ"። "አልማሤን" ደግሞ "አልመኽዘን" ነው፤ የኛ "መጋዘን"ም በጣሊያንኛ በኩል ዞሮ የመጣ የዚያው ቃል ዘመድ ነው። በነዚህ ሁሉ "አል" አለች፤ ባእ፣ ቃፍና ሚም ቀመሪያ ናቸውና።

ሸምሲያ ፊደል ሲመጣ ላሟ ትዋጣለች። "አዶቤ" (ያልተተኮሰ የጭቃ ጡብ) "አጥ-ጡብ" ነው፤ እኛም ጡብ እንላለን። ጠፍጣፋው ጣሪያ "አሦቴያ" የ"ሰጥሕ" ማሳነሻ ከሆነው "አስ-ሱጠይሓ" ወጣ። የግድግዳው ሴራሚክ "አሡሌኾ" "አዝ-ዙለይጅ" ነው። "አሡል" ሰማያዊ ማለት ስለሆነ ብዙ ሰው ከዚያ የመጣ ይመስለዋል፤ እኔም ተሸውጄ ነበር።

የበሩ ማንኳኪያ "አልዳባ" ግን ሊያጣላን ነው። ከ"አድ-ደባ" መጥቶ ሳለ፣ ዷድ ሸምሲያ ሆና ሳለች፣ ላሟ ከየት መጣች? የአንዳሉስ ሰዎች ዷድን በምላስ ጎን፣ ላም እያስመሰሉ ያወጧት ስለነበር ስፔኖቹ "ልድ" ብለው ሰሟት። ከንቲባን "አልካልዴ" የሚሉትም ለዚሁ ነው፤ "አልቃዲ" ነው።