እጅን ወደ ክምሩ ማስገባት፦ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ምግብ እንዴት ይታወቃል?

በአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ ያለ ገበሬ ማሩንና ቅቤውን ይዞ ወደ ሐይቅ ከተማ ገበያ ሲወጣ ገዢው በጥርጣሬ ዓይን ያየዋል። ይቀምሳል፣ ያሸታል፣ ዋጋ ይሰብራል። የአንድ አጭበርባሪ ሥራ የሐቀኞችን ሁሉ ዋጋ ያወርዳልና። ስለዚህ ምግብን ከባዕድ ነገር መቀላቀል የሚጎዳው በላተኛውን ብቻ አይደለም፤ ለፍቶ ያመረተውንም ነው።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ አንድ የእህል ክምር ቢያስገቡ ከሥሩ እርጥበት አገኙ። ባለቤቱ ዝናብ ነክቶት ነው ቢላቸው፣ ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ አታላይም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ አስጠነቀቁ። ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው ማታለል ሐራም መሆኑ ነው። ሁለተኛውና እምብዛም የማናስተውለው፣ ላይ ላዩን አይቶ ከማለፍ ይልቅ ውስጡን መመርመር የሚገባ መሆኑ ነው። በ12ኛው ምዕተ ዓመት ሸይዘሪ ለገበያ ተቆጣጣሪዎች (ሙሕተሲቦች) በጻፈው መጽሐፍ ውሃ የገባበትን ወተት ፀጉር ነክሮ መለየትን አስተምሯል።

ዛሬ ደግሞ የተሻሉ ዘዴዎች አሉ።

ወተት፦ ንጹሕ የላም ወተት ከውሃ ይከብዳል፤ አንዱ ሊትር 1.03 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ላክቶሜትር የተባለው መሣሪያ ውሃ የተጨመረበትን በመቅለሉ ያጋልጣል። አታላዩ ዱቄት ጨምሮ ክብደቱን ቢመልስ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘው ወተት ላይ ጠብ የምትል አዮዲን ወደ ሰማያዊ ትለውጠዋለች።

ቅቤ፦ የላም ቅቤ በረጋ የአትክልት ዘይት ውስጥ የማይገኝ ቡቲሪክ አሲድ አለው። ጋዝ ክሮማቶግራፊ የተባለው መሣሪያ መጠኑን ለክቶ ድብልቁን ያሳያል።

ማር፦ በክብሪት ማቀጣጠልም ሆነ ውሃ ላይ ጠብ ማድረግ የሚያሳየው ውፍረቱንና እርጥበቱን ብቻ ነው፤ ወፍራም የስኳር ሽሮፕም ፈተናውን ያልፋል። በላቦራቶሪ ግን ካርቦን 13 የተባለው ከባድ ካርቦን ይለካል። በሸንኮራ አገዳና በበቆሎ ስኳር ውስጥ ድርሻው ንቦች ከሚቀስሟቸው ከአብዛኞቹ አበቦች ይበልጣል። በዚህ መንገድ 7 በመቶ ያህል የተቀላቀለ ስኳር ይታወቃል። ከሩዝ የተሠራ ሽሮፕ ግን በዚህ ያመልጣል፤ ሌላ ምርመራ ይሻል።

አንድ ዘዴ ብቻውን እንደማይበቃ እ.ኤ.አ. በ2008 በቻይና ታይቷል። የወተት ፕሮቲን የሚለካው በናይትሮጅን መሆኑን ያወቁ ሰዎች ናይትሮጅን የበዛበትን ሜላሚን ቀላቀሉ። ወደ 300,000 የሚጠጉ ሕፃናት ታመሙ፤ ስድስቱ ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ የአየርላንድ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን የበሬ ሥጋ ተብለው የተሸጡ 27 በርገሮችን በዲኤንኤ መርምሮ በ10ሩ የፈረስ፣ በ23ቱ የአሳማ ዘር ምልክት አገኘ። ሐላልን ለሚጠነቀቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በአገራችን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትን ምግብ ይከለክላል። ሆኖም ትልቁ ላቦራቶሪ ከገጠር ገበያ ሩቅ ነው። ላክቶሜትርና አዮዲን ግን ውድ አይደሉም፤ የገበሬዎች ማኅበራትና የገበያ አስተዳደሮች በየገበያው ሊያኖሯቸው ይችላሉ። ገዢም ከልክ በላይ የረከሰውን ማርና ቅቤ ከመሻማት በፊት ለምን እንደረከሰ ይጠይቅ። ሻጭም ጉድለት ካለበት ከላይ ያስቀምጠው። ያኔ የአርዲቦው ሐቀኛ ገበሬ የላቡን ዋጋ ያገኛል።