አሥር ስልኮች፣ አንድ ውጊያ

የቻይናው ኩባንያ ቴንሰንት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው «የነገሥታት ክብር» የተሰኘው የእጅ ስልክ ጨዋታ፣ የ8ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን ባለቅኔ ሊ ባይን ከአፈ ታሪኩ የጦጣዎች ንጉሥ ከሱን ዉኮንግ ጋር በአንድ የጦር ሜዳ ያገናኛል። አምስት ተጫዋቾች ከአምስት ይጋጠማሉ። እኛን የሳበን ግን የጀግኖቹ ዝና ሳይሆን አንድ ጥያቄ ነው፤ አሥሩም ተጫዋቾች ያንኑ ውጊያ የሚያዩት እንዴት ነው?

የጀግኖቹ ቦታና የቀረው ጉልበታቸው በመስመር አይላክም። የሚላከው የጣት ትእዛዝ ብቻ ነው። ሰርቨሩ ትእዛዞቹን በቅደም ተከተል ሰብስቦ ለአሥሩም ያድላል፤ ውጊያውን እያንዳንዱ ስልክ ለብቻው ያሰላል። ነገሩ ከኒውተን ሜካኒክስ የምናውቀው ነው፤ የመነሻው ሁኔታ፣ ሕጉና ከውጭ የሚመጣው ግፊት አንድ ከሆኑ ውጤቱም አንድ ነው። የዕድል የሚመስለው ምት እንኳ ከአንድ የጋራ መነሻ ቁጥር ይሰላል።

አደጋው ያለው በአስርዮሽ ነጥብ ላይ ነው። ኮምፒዩተር 0.1ን በ0 እና በ1 ብቻ በትክክል ሊጽፈው ስለማይችል ያጠጋጋዋል። ሁለት ስልኮች በተለያየ መንገድ ካጠጋጉ ጥቃቅኑ ልዩነት እየተከማቸ ሄዶ ሊ ባይ በአንዱ ስልክ ሲሞት በሌላው ይተርፋል! ስለዚህ ስሌቱ በሙሉ ቁጥር ይሠራል፤ 1.25 ሜትር እንደማለት 1250 ሚሊ ሜትር ማለት ነው።

የተጠራጠረ አንባቢ ኮምፒዩተሩን 0.1ን አሥር ጊዜ አስደምሮ ድምሩ ከ1 ጋር እኩል መሆኑን ይጠይቀው።