ዮናስን ለልጆች ንገሩ

የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ለልጅ ለመንገር የግድ ሊቅ መሆን የለባችሁም። ታሪኩን ውደዱት፤ ቀኑን ጠብቁለት።

ቀኑን ያልኩት በምክንያት ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዓመቱ ራሱ አስተማሪ ነው። በሆሳዕና ልጁ የዘንባባ ቀለበት በጣቱ አጥልቆ ቆሟል፤ ስለ አህያይቱና ስለ ውርንጭላዋ ለመንገር ከዚህ የተሻለ ሰዓት ከየት ይመጣል? ታኅሣሥ 19 የገብርኤል ዕለት፣ አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን በእሳቱ መካከል የሚያሳየው ሥዕል ግማሹን ሥራ ያቃልልላችኋል።

ለጀማሪ ግን እኔ የምመርጠው ጾመ ነነዌን ነው። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከሰኞ እስከ ረቡዕ 3 ቀን ይጾማል፤ ዮናስም በዓሣው ሆድ የቆየው 3 ቀንና 3 ሌሊት ነው። ልጅ ይህን ቁጥር አይረሳም። መጽሐፉ 4 ምዕራፍ፣ 48 ቁጥር ብቻ ስለሆነ ቡና እስኪፈላ አንብባችሁ ትጨርሱታላችሁ። ሥራና ትምህርት በጾሙ ቀናት ካልተመቻችሁ፣ የዋዜማው እሑድ አለላችሁ።

ታሪኩን በቅዳሴ መካከል በልጁ ጆሮ አታንሾካሹኩ። ቅዳሴው የልጁም ነው፤ በእናቱ እቅፍ ሆኖ የሚቆርብ ሕፃን እንግዳ አይደለም። ሕዝቡ ሲሰናበት ግን ልጆቹን ከዛፍ ጥላ ሥር ሰብስቡና ጀምሩ። የነቢይነትን ትርጉም ለኋላ አቆዩት፤ ከሽሽቱ ጀምሩ! ወደ ነነዌ ሂድ የተባለው ሰው ኢዮጴ ወርዶ ወደ ተርሴስ በምትሄድ መርከብ ተሳፈረ። የማዕበሉን ድምፅ ልጆቹ ራሳቸው ያሰሙ። መርከበኞቹ በፍርሃት ሲርዱ ዮናስ ከታች ከባድ እንቅልፍ ወስዶታል። ይስቃሉ፤ ይሳቁ። የነነዌ ከብቶች ሳይቀሩ መጾማቸውንና ማቅ መልበሳቸውንም እንዳትዘሉ! ማቅ የለበሰ በሬ በዓይነ ሕሊናው ያየ ልጅ ቤት ገብቶ ለታናሹ ማውራቱ አይቀርም።

የብዙዎቻችን ፈተና መጨረሻው ላይ ነው፤ “ስለዚህ እናንተም ለወላጆቻችሁ ታዘዙ” ብሎ መደምደም ያምረናል። ተዉት። ትንቢተ ዮናስ ራሱ የሚያልቀው በጥያቄ ነው፦ ግራ ቀኛቸውን የማይለዩ ከ120,000 የሚበልጡ ሰዎችና ብዙ እንስሳት ያሉባት ከተማ አታሳዝንምን? ልጆቹን ይህንኑ ጠይቋቸውና ዝም በሉ። “ልጅ ምን ያውቃል” የምንለው መልሱን ሳንጠብቅ ነው። አንዷ ትንሽ “ከብቶቹስ ምን አጠፉ?” ካለች ትምህርቱ ሰምሯል፤ ያውም እግዚአብሔር ለዮናስ ወደ ነገረው ጉዳይ ራሷ ደርሳለች።

በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የምትኖሩ ወላጆች፣ ልጃችሁ ታሪኩን በእንግሊዝኛ መልሶ ቢተርክ አትቆጡት። መተረኩ ነው ትልቁ ነገር፤ አማርኛውን ደግሞ እናንተ ስትነግሩት እየሰማ ነው።

ጾመ ነነዌ ከጥር 17 በፊት አይገባም፤ ከየካቲት 21ም አያልፍም። የዘንድሮው መቼ እንደሚውል አይታችሁ ቀን መቁጠሪያችሁ ላይ ዛሬውኑ ምልክት አድርጉበት፤ ከዚያ በፊትም 48ቱን ቁጥሮች አንብቡ።