ሊንክ ምስክር ነው፦ ከአስኮት ቬል የባልትና ሱቅ የተማርኩት

ከትምህርት ጎን ለጎን ለወገኖቻችን ሱቆች ድረ ገጽ የምትሠሩ በመካከላችን ብዙ ናችሁ። እኔም አንዱ ነኝ። ዛሬ የማካፍላችሁ ስለ ጎግል ፍለጋና ስለ ሊንክ ነው፤ ትምህርቱን ያገኘሁት ግን ከክፍል ሳይሆን ከራሴ ጥፋት ነው።

አስኮት ቬል ውስጥ፣ 57 ቁጥር ትራም ከሚያልፍበት ከዩኒየን ሮድ ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት እናት በርበሬ፣ ሽሮና ቅመም ይሸጣሉ። ድረ ገጻቸውን የምከታተልላቸው እኔ ነኝ። ዐቢይ ጾም ሊፈታ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ዘንድሮ ሰው ምን ነካው? በዚህ ሰሞን እኮ ስልኬ አያርፍም ነበር» አሉኝ። «ልየውና መልሼ እደውልልዎታለሁ፣ እትዬ» ብዬ ዘጋሁ። ጎግል ላይ ሁለት ሦስት ገጽ ብገልጥም ሱቃቸው የለም። ፋሲካ ለባልትና ነጋዴ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ሊንክ ምን ይሠራል?

ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ፔጅራንክ የተባለውን ስሌት በጽሑፍ አቀረቡ። ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ ሊንክ ሲያደርግ መሰከረለት ማለት ነው። የምስክሩ ቃል የሚመዝነው ደግሞ ለራሱ ለምስክሩ ሌሎች በመሰከሩለት መጠን ነው። ጎግል ዛሬ ሌሎች ብዙ መለኪያዎች አሉት፤ ሊንክ ግን አሁንም ከመለኪያዎቹ አንዱ ነው። እኔ ሁለት ጥፋት አጠፋሁ፤ እውነተኞቹን ምስክሮች አባረርኩ፣ በምትካቸውም የሐሰት ምስክር ቀጠርኩ።

የመጀመሪያው ጥፋት፦ የአድራሻ ለውጥ

የድሮዎቹ ገጾች አድራሻ በፊደላችን የተጻፈ ነበር። ኮምፒውተር እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል በ3 ባይት ይይዘዋል፤ አድራሻው ተገልብጦ ሲለጠፍ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት ብዙ ጊዜ 3 ምልክት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ «በርበሬ» የሚለው ባለ 4 ፊደል ቃል 36 ምልክት ሆኖ ይዘረገፋል። በቴሌግራም ሲላክ ስለሚያስጠላ አድራሻዎቹን ሁሉ በአጭር የላቲን ቃላት ቀየርኳቸው። መቀየሩ በራሱ ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ ከአሮጌው አድራሻ ወደ አዲሱ የሚመራውን፣ 301 የሚባለውን ቋሚ ማዞሪያ አለማስገባቴ ነው። የማኅበር ገጾችና ስለ ምግብ የሚጽፉ ሰዎች ለዓመታት ወደ ሱቁ ያደረጓቸው ሊንኮች ሁሉ 404 ላይ ወደቁ።

ሁለተኛው ጥፋት፦ የተገዛ ምስክር

ጎብኚ ሲቀንስ ምክንያቱን ሳላጣራ ከኢንተርኔት ርካሽ የሊንክ ጥቅል ገዛሁ። ደንበኞቼንም እርስ በርስ አገናኘኋቸው፤ የሒሳብ ባለሙያው ገጽ ወደ ባልትናው፣ ባልትናው ወደ ፀጉር ቤቱ። የሒሳብ ባለሙያ ስለ በርበሬ ምን አግብቶት ይመሰክራል? በዚህ ሳላበቃ በሁሉም ገጽ ግርጌ «በሜልበርን ርካሽ ድረ ገጽ» የሚል ወደ ራሴ የሚወስድ ሊንክ አኖርኩ።

ጎግል እንዲህ ያለውን ከጥንት ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2012 ፔንግዊን የተባለውን ማሻሻያ አውጥቶ በሊንክ የሚያጭበረብሩ ገጾችን ወደ ታች አወረደ። ከ2016 ጀምሮ ፔንግዊን በአብዛኛው የሐሰት ሊንኮችን ዋጋ ያሳጣል። ከዚያ ሲያልፍ ግን የድርጅቱ ሠራተኞች ገጹን አይተው ይቀጡታል፤ ማስጠንቀቂያውም በሰርች ኮንሶል ይደርሳል። ለእትዬም ደርሶ ነበር። ግን ሰርች ኮንሶሉን ያስመዘገብኩት በራሴ ኢሜይል ነበር፤ እኔም አልከፈትኩትም።

ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና፣ «ልጄ፣ በርበሬ ላይ ሸክላ ፈጭቶ የሚቀላቅል ሰው አንድ ፋሲካ ይሸጥ ይሆናል። ለሚቀጥለው ማን ይመጣለታል?» አሉኝ።

ያን ሌሊት ማዞሪያዎቹን አስገባሁ። የግርጌውንና የደንበኞቼን የእርስ በርስ ሊንኮች አነሣሁ። የተገዙትን እንዲያነሡልኝ ለሻጮቹ ጻፍኩ፤ እምቢ ያሉትን ጎግል እንዳይቆጥራቸው በዝርዝር አስገባሁ። ከዚያም ጥፋቴን ዘርዝሬ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አመለከትኩ። ቅጣቱ ተነሣ፤ ግን ፋሲካ አልፎ ነበር።

ለእናንተ የሚጠቅመው

1. አድራሻ ከመቀየራችሁ በፊት አሮጌዎቹን በሙሉ በሠንጠረዥ መዝግቡ፤ ለእያንዳንዱም 301 አስገቡ። ጎግል ማዞሪያው ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲቆይ ይመክራል።

2. ደረጃ ለማሳደግ ብላችሁ ሊንክ አትግዙ። ለማስታወቂያ የተከፈለበት ሊንክ ካለ «ስፖንሰርድ» ወይም «ኖፎሎው» የሚለው ምልክት ይግባበት። ኖፎሎው ከ2005 ጀምሮ አለ፤ ስፖንሰርድ በ2019 ተጨመረ።

3. በደንበኛ ገጽ ግርጌ ስማችሁን ማኖር ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ስማችሁ ብቻ ይጻፍ፤ ሊንክ ካለውም ኖፎሎው ይሁን።

4. ሰርች ኮንሶሉም ዶሜይኑም በባለቤቱ ስም ይመዝገብ፤ እናንተ የሥራ ፈቃድ ብቻ ይኑራችሁ። ሱቁ የእነሱ ነው፤ ማስጠንቀቂያ ሲመጣም መጀመሪያ ሊሰሙ የሚገባቸው እነሱ ናቸው።

ዛሬ ወደ እትዬ ገጽ የሚወስዱት ሊንኮች ከያኔው በጣም ያንሳሉ። የቀሩት ግን በርበሬውን የቀመሱ ሰዎች ያደረጓቸው ናቸው። በዘንድሮው ጾም መጨረሻ ደውዬ እንዴት እንደሆኑ ስጠይቃቸው፣ «ኋላ ደውልልኝ ልጄ፣ ሰው ይዣለሁ» ብለው ዘጉብኝ።

መልካም ሥራ፣ መልካም ጥናት!