ቀን የተቆረጠለት ብር

መስከረም ሲጠባ የሚወጣው የገንዘብ ዕቅድ ብዙውን ጊዜ መጠን አለው፣ ቀን የለውም። «ዘንድሮ መቶ ሺህ ብር አጠራቅማለሁ» ይባላል፤ የመጀመሪያው ሺህ ከየትኛው ገቢ እንደሚነሣ፣ በየትኛው ቀን እንደሚከፈልና ቢቀር ማን እንደሚጠይቅ ግን አይታሰብም። ጥቅምት ላይ ዕቅዱ ይላላል፣ ገና ሳይደርስ ይረሳል። ይህን በስንፍና ማሳበብ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ያው ሰነፍ የተባለው ሰው የእቁብ መዋጮውን ሳያዛንፍ ሲከፍል ይገኛል። ስለዚህ ችግሩን በሰውየው ጠባይ ከመፈለግ በፊት ገንዘቡ የሚቀመጥበትን አሠራር መመርመር ይሻላል። በዚህ ምዕራፍ የምሟገተው የዓመቱ ግብ በእቁብ አምሳል መቀረጽ እንዳለበት፣ በእቁብ ብቻ ግን እንደማያልቅ ነው።

ለዚህ ሙግት ከመርካቶ የተሻለ መፈተኛ አይገኝም። ጣልያን በወረራው ዘመን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ካዛወረው ወዲህ፣ እዚያ የከተመው ነጋዴ የሚኖረው ከቀን ቀን በሚለዋወጥ ገቢ ነው። እዚያው ምናለሽ ተራ ውስጥ ዛሬ የደራ ሱቅ ነገ ጭር ሊል ይችላል። ለበዓል የሚጦፈው ገበያ በጾም መካከል ይቀዘቅዛል፤ ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ግብር ይከፈላል፣ ወዲያው የልጆች ትምህርት ቤት ምዝገባ ይከተላል። ኤልዛቤት ዋረን የተባሉት አሜሪካዊት ምሁር ከልጃቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ የታወቀው ቀመር፣ ግማሹን ለግዴታ ወጪ፣ 30 በመቶውን ለፍላጎት፣ 20 በመቶውን ለቁጠባ የሚለው ማለት ነው፣ ወር ቆጥሮ ደመወዝ ለሚቀበል ሰው የተሰፋ ነው። የመርካቶ ነጋዴ ከመቶኛ አይጀምርም። ገበያው በሞተበት ሳምንት እንኳ ሊከፍለው የሚችለውን ልክ ያገኝና በዚያ ልክ እቁብ ይገባል። ግብን በጥሩው ወር ሳይሆን በክፉው ሳምንት መለካት፣ በእኔ ግምት፣ ገቢው ለሚዋዥቅ ሰው ከሁሉም ምክር የሚልቅ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ግዴታው ነው። እቁብ ዳኛ፣ ጸሐፊና ዋስ አለው፤ እጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን አይወስድም። ከዋሱ ይበልጥ የሚያስረው ግን ስሙ ነው። ጅምላ ሻጩ ዕቃ በዱቤ የሚሰጠው ስምን አምኖ ነውና፣ እቁብ የበላ ሰው ወሬው ከእሱ ቀድሞ ጅምላ ሻጩ ዘንድ ይደርሳል። ይህ ግዴታ ቁጠባን እንደሚያሳድግ ከእኛ አገር ርቆም ታይቷል። ናቫ አሽራፍ፣ ዲን ካርላንና ዌስሊ ዪን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ በፊሊፒንስ አንድ የገጠር ባንክ ደንበኞች የተቆለፈ ሒሳብ ቀረበላቸው፦ ራሳቸው የመረጡት ቀን ወይም መጠን ሳይደርስ ገንዘቡን ማውጣት አይችሉም። ለመቆለፉ የተጨመረ ወለድ አልነበረም። ሒሳቡ ከቀረበላቸው መካከል 28 በመቶ ያህሉ ወደው ተቀበሉት፤ ከዓመት በኋላ ዕድሉን ያገኙት ሰዎች ቁጠባ ካላገኙት አንጻር በ80 በመቶ ገደማ ጨምሮ ተገኘ። ያለ ምንም ክፍያ ራሱን ለማሰር ፈቃደኛ የሆነ ሰው ድክመቱን ያውቃል ማለት ነው፤ እቁብተኛም እንዲሁ።

«እቁብ ወለድ የለውም፤ ባንክ ይሻላል» የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ በቁጥር እንየው። 50 ሰዎች በየሳምንቱ 1,000 ብር ቢጥሉ የመጨረሻው ባለእጣ 50,000 ብሩን የሚያገኘው ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ያንኑ ብር በየሳምንቱ በዓመት 7 በመቶ ወለድ በሚከፍል ባንክ ቢያስገባ የሚያገኘው ትርፍ ከ1,700 ብር አይበልጥም፤ የመጀመሪያው መዋጮ ዓመት ሙሉ ቢቀመጥም የኋለኞቹ ጥቂት ሳምንት ብቻ ስለሚቆዩ። ስለዚህ ባለመጨረሻ እጣው ለሥነ ሥርዓት የከፈለው ዋጋ ይህ ነው። በፈቃዱ በየሳምንቱ ባንክ የሚሄድ ሰው ይህን ዋጋ መክፈል የለበትም። የማይሄደው ግን 1,700 ብር አተርፋለሁ ብሎ 50,000ውን ሳያጠራቅም ይቀራል።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የዋጋ ንረት ነው። ብሔራዊ ባንክ የቁጠባን ዝቅተኛ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ያሳደገው በጥቅምት 2010 ነበር፤ በ2014 ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እንዲህ ያለውን ያየ ነጋዴ «ብር ከማስቀምጥ ዕቃ ልግዛ» ቢል ሞኝ አይባልም። ዕቃውን ለሚያውቅ ሰው መልሱ ልክ ነው፤ ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ስለ ጨርቅ ዋጋ ከባንክ ባለሙያ የበለጠ ያውቃል። ስሕተቱ ሁሉንም እዚያው ማኖር ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ላይ የተነሣው እሳት ብዙ ሱቆችን ከነዕቃቸው አወደመ፤ ሥራውና ጥሪቱ አንድ መጋዘን ውስጥ የሆነበት ሰው ሁለቱንም በአንድ ሌሊት ያጣል። እሳት ባይኖርም ዕቃ ቶሎ ብር አይሆንም፤ ሆስፒታል የተኛ ሰው ያለው ነጋዴ ተቻኩሎ ሲሸጥ ገዢው ችኮላውን አይቶ ዋጋውን ይሰብራል።

እንግዲህ ጥያቄው «ብር ወይስ ዕቃ?» መሆኑ ቀርቶ «ይህ ብር መቼ ይፈለጋል?» ይሆናል። ቀኑ የማይታወቅ ክፉ ነገር፣ በሽታም ሆነ የሱቅ መዘጋት፣ የሚጠብቀው ገንዘብ የዋጋ ንረት ቢያጎድለውም ባንክ ወይም የስልክ ገንዘብ ሒሳብ ላይ መቀመጥ አለበት፤ እዚያ የሚፈለገው ፍጥነቱ እንጂ ትርፉ አይደለም። እድር ለቀብር ይደርሳል፣ ለሕክምና ግን ሁልጊዜ አይደርስም። ለመነሻ የሦስት ወር የቤት ወጪ ይበቃል። ይህን ለማስላት ግን የቤቱ ወጪ መታወቅ አለበት፤ ከሱቁ መሳቢያ በፈለገው ሰዓት የሚያነሣ ሰው አያውቀውም። ለራሱ ሳምንታዊ ደመወዝ ቆርጦ ከዚያ ውጭ መሳቢያውን የማይነካ ነጋዴ በጀት የሚባለውን ነገር ግማሹን ጨርሷል። ቀኑ ለሚታወቀው፣ ለሐምሌ ግብር፣ ለመስከረም ምዝገባ፣ ለኪራይ፣ እቁብ የተፈጠረ ይመስላል።

ኢንቨስትመንት ደግሞ ቀን የማይቆረጥለት ብር ነው። ጀማሪው ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው በዚህ ነው፤ በዓመት የሚፈልገውን ብር አክሲዮን ውስጥ ይከታል። በ2017 ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሲያቀርብ አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር፤ ግዢው በቴሌብር ስለሆነ ወረፋም አልነበረበትም። ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን ወደ 10.7 ሚሊዮን ያህል ተሸጠ፣ ከ47 ሺህ የሚበልጡ ሰዎችም ገዙ። ከላይ ባየነው የሳምንት መዋጮ ሒሳብ የአሥር ሳምንት ቁጠባ በቂ ነበር ማለት ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ሥራ ጀመረ። ገና ጀማሪ ገበያ ላይ ግን መግዛት መቻል ለመሸጥ ዋስትና አይሆንም፤ በፈለጉት ቀን፣ በፈለጉት ዋጋ ገዢ ላይገኝ ይችላል። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ዓመት የአክሲዮን ግብ ትንሽ፣ የመጠባበቂያው ግብ ትልቅ ይሁን የምለው።

አንድ ነገር ይቀራል፤ እጣው ቀድሞ ቢወጣስ? ብዙዎች እንደ ሎተሪ ደስ ይላቸዋል። በሁለተኛው ሳምንት 50,000 ብር የተቀበለ ሰው ግን የጣለው 2,000 ብር ብቻ ነው፤ ቀሪው 48,000 ብር ያለ ወለድ የተበደረው ዕዳ ነው፣ በየሳምንቱ ይከፈላል። ስለዚህ ብሩ ምን ላይ እንደሚውል እጣው ሳይወጣ በጽሑፍ መወሰን አለበት፤ ለሐምሌ ግብር የታሰበ ከሆነም እስከ ሐምሌ በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ፣ ወይም ነጋዴው በሚያውቀው ዕቃ ላይ ውሎ ሰኔ ሳያልቅ ይሸጥ። እጣውን ለተቸገረ ሌላ አባል ቀንሶ መሸጥም የሚታወቅ ልማድ ነው፤ አንዳንዶች በሃይማኖት ምክንያት አይነኩትም፣ የሚሸጡትም ቢሆኑ የተቀነሰው ገንዘብ ለስንት ሳምንት ብድር ወለድ እንደሚሆን አስልተው ዋጋ ይቁረጡ።